በሕግ አምላክ የተያዘ እግር

ልጆቼ፣ ቁልቁለት እግረኛን ጉልበቱን ነው የሚፈትነው። ሾፌርን ግን ሌላ ነገሩን ይፈትነዋል። ምኑን እንደሆነ ወልደአረጋይ ያውቅ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ይዞት ኖሯል።

ወልደአረጋይ ደብረ ብርሃን ላይ የጤና ላንድሮቨር የሚነዳ፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነበር። መሪ በያዘ ቁጥር ከወገቡ በታች በጋቢ ይጠቀለላል። እግሩን ያየ ተሳፋሪ የለም። ሰውም በብርዱ ያሳብብለታል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ለማን ያዝናል! እሱም "ቁርጥማት ነው" ይላል፣ አበቃ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ ግን ከስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ጎማው ረግጦት አያውቅም። ይህን በብርድ የሚያሳብብለት አልነበረም። እዚያ ሰው ሞቶበታል።

በሰባ ስድስት ሐምሌ ውስጥ ነው። ሰማዩ ከነጋ ጀምሮ እንደተቀደደ ስልቻ ያፈስሳል። ወልደአረጋይ ወለተ ሥላሴ የምትባል አዋላጅ ነርስ ከነመድኃኒት ሳጥኗ ጭኖ ጎረቤላ ጤና ጣቢያ አደረሰ። ጎረቤላ የአንኮበር ከተማ ናት፤ ከጫፏ ቆሞ ወደ ቆላው ያየ ሰው ደመናን ቁልቁል ያያል። ወልደአረጋይ ለዚያ ጫፍ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ምሳውን በልቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ።

ሁለት ጊዜ ሳይጎርስ አሊ የሚባል ሰው ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣ ሽርጡ ከጭኑ ተጣብቆ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ።

"አዋላጇ ማናት?" አለ። "ልጅቱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። እግሩ ነው የቀደመው አሉ ሴቶቹ።"

ወለተ ሥላሴ ብድግ አለች። "አንድ እግር ነው ሁለት?"

"እኔ ምኑን አውቄ እቴ! እኔ የተላክሁት ለመሮጥ ነው።"

"እየሳቡት ነው?"

"ይሳቡት ይሆናላ። እግር ከመጣ ምን ያድርጉት ታዲያ?"

"እንዳይስቡ!" ድምፅዋ ጣቢያውን አንቀጠቀጠው። "ሰምተሃል? ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት። ከሳቡት ጭንቅላቱ ተይዞ ይቀርና ሁለቱንም እናጣለን። እኔ እስክደርስ ደግፈዋት ብቻ ይቆዩ። ጋሼ ወልደአረጋይ! ሞተር አስነሣ፣ አልዩ አምባ ልንወርድ ነው።"

የወልደአረጋይ እጅ ትሪው ላይ ቀረ። "መኪናው አይወርድም" አለ።

"መኪናው ነው ወይስ ባለመኪናው?"

"የዚህ የጣቢያው ሾፌር አለ አይደል? እሱ ይውሰድሽ።"

"እሱማ ከነመኪናው ሚሊሺያ ሊጭን ወደ መዘዞ ታዟል። ዛሬ ያለኸው አንተ ነህ፤ ጠልተህም ወደህም።"

ወልደአረጋይ ወደ አሊ ዞረ። "የማን ልጅ ናት?"

"የኩብራ። ሰሊሃ ትባላለች። አባቷ ሰላሀዲን ነበር፣ አላህ ይዘንለትና፤ እዚሁ ቁልቁለት ላይ መኪና..." አሊ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጋቢውን አየ፣ ደጅ የቆመውን ላንድሮቨር አየ። "አንቱ ነዎት እንዴ?"

ወልደአረጋይ ከትሪው ተነሣ። እጁን ታጠበና "ቶሎ በሉ" አለ።

አሊን ከኋላ ውጣ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። "እኔ በአቋራጭ እቀድማችኋለሁ። ‘አትሳቡ’ የሚለው ቃል በእግር ቢሄድ ይሻለዋል፤ እናንተ ዘንድ ከተሳፈረማ ነገ ነው የሚደርስ።" ይህን ብሎ እንደ ጦጣ ቁልቁል ተወረወረ።

እዚህ ላይ፣ ልጆቼ፣ የስልሳ ዘጠኙን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሚከተለው አይገባችሁም።

ወልደአረጋይን መኪና ያስተማረው መንገድ ሥራ ላይ ያረጀ ሾፌር ነበር። "ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትመን" ይለው ነበር። "በቅሎ ጭነት ይዛ ስትወርድ ጭራዋን ይዘው ነው የሚያዘገዩዋት። እግሯን ቢጠልፏት ከነጭነቷ ትገለበጣለች። ፍሬን መርገጥ እግሯን መጥለፍ ነው። ሞተሩ ግን ጭራዋን ይይዝልሃል።" ላንድሮቨር ከዋናው ማርሽ አጠገብ ቀይ ራስ ያላት አጭር ዘንግ አለችው። እሷን ወደ ኋላ መሳብ፣ አንደኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግሮች ወለል ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያ ወዲያ የሾፌር ሥራ መሪ መያዝና እግርን መግራት ብቻ ይሆናል። መኪናው እያጉረመረመ፣ በሰው እርምጃ፣ ያን ገደል ይወርደዋል። ለመናገር ቀላል ነው። ገደል ፊት ለፊት አፉን ከፍቶ እግርን ዝም ማሰኘት ግን፣ እሱን የሞከረው ያውቀዋል።

ያን ቀን ሰላሀዲን ከኋላ ተቀምጦ ነበር። የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በቅሎ ሲጭን የኖረ፣ መኪና ሲሳፈር ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ቀይ አፈር ከሚሉት መታጠፊያ ደረሱ። ዘንቦ ጭቃው ቅቤ ሆኗል። ሰላሀዲን በሾፌሩ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ቢያይ፣ ሁለቱም እግሮች ዝም ብለው ተኝተዋል። ፊት ለፊት ገደል፤ ፍሬኑ ላይ ግን ማንም የለም! ይህ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ አብዷል ቢል ማን ይፈርድበታል?

"በሕግ አምላክ! ፍሬን ያዝ! በሕግ አምላክ!" ብሎ ጮኸ።

ይህ ቃል ለእናንተ ተራ ሊመስላችሁ ይችላል። ያን ጊዜም ጠመንጃ የያዘው ሰምቶ መቆሙን ትቶት ነበር። በድሮው ሰው ዘንድ ግን በሕግ አምላክ የተባለ ያነሣውን እግር ሳያሳርፍ ይቆማል። የወልደአረጋይ አባት ባላንጣው ላይ ጦር ሰብቆ ሳለ በዚህ ቃል ቆሞ ጦሩን መሬት የተከለ ሰው ነው። ለልጁ የሚያወርሰው ርስት አልነበረውም፤ ይህን አወረሰው። እናም ቃሉ ጆሮው ሲገባ ወልደአረጋይ አላሰበም። እግሩ ቀደመው። ፍሬኑን ረገጠ።

ጎማዎቹ መዞር አቆሙ፤ መዞር ያቆመ ጎማ ጭቃ ላይ ሸርተቴ ነው። መኪናው በጎኑ ሄዶ ከጠርዙ ወይራ ጋር ተላተመ። ወልደአረጋይን ጭረት አልነካውም። ሰላሀዲን በኋላው በር ተስፈንጥሮ ገደል ገባ።

ለፖሊስ "ፍሬን በጠሰብኝ" አለ። ለሽማግሌዎቹም እንዲሁ። እውነቱን ቢናገር ሰውዬው በገዛ ቃሉ ሞተ ማለት ነው፤ መልስ መስጠት የማይችል ሰው እንዴት ይወቀሳል? ደሙ በሽማግሌ ደረቀ፣ ሚስቱ ኩብራም ይቅርታዋን ሰጥታ "አውፍ ብያለሁ" አለች፣ ነገሩ ተዘጋ። ሰው ዘንድ ተዘጋ ማለቴ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ ትንሽም ቁልቁለት በመጣ ቁጥር፣ ከኋላ ወንበር ያ ድምፅ ይጣራ ጀመር። ደብረ ሲና መውረጃ ላይ ጠርቶታል። እነዋሪ መንገድ ላይ፣ መኪናው ባዶ ሳለ፣ ጠርቶታል። በጠራው ቁጥር ቀኝ እግሩ ሳያዘው ብድግ ይላል። ጋቢው ለብርድ አልነበረም፣ ልጆቼ። ከኋላ ያለው እግሩን እንዳያይበት ነው።

እንግዲህ ከጎረቤላ ጫፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ቀይዋን ዘንግ ወደ ኋላ ሳበ።

"ቆላ እየወረድን ጋቢ?" አለች ወለተ ሥላሴ።

"ቁርጥማት ነው። ሲስተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ምንም ብታዪ እንዳትጮኺብኝ። ፍሬን ያዝ እንዳትዪኝ።"

"ቀኑን ሙሉ ሴቶች ሲጮሁብኝ የምውል ሰው ነኝ። እኔ ጩኸት አላውቅበትም።"

ወረዱ። ጉሙ ከመስታወቱ ፊት እንደ ነጭ ግድግዳ ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ይንፏቀቃል፤ ጠጠር ከጎማ ስር እየተፈነጠረ ወደማይታየው ሲወድቅ ይሰማል፣ መሬት ሲነካ ግን አይሰማም። ወለተ ሥላሴ ሰዓቷን ታያለች። ሳጥኗን በእግሯ መሃል ጨምድዳ ይዛለች።

"ከዚህ አይፈጥንም?"

"ከፈጠነ አንደርስም።"

"እግር የቀደመ ልጅ እኮ አይጠብቅም፣ ጋሼ።"

"አውቃለሁ" አለ። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ስለ ልጁ አልነበረም ያሰበው፤ ስለ እናቲቱ ነው። አባቷ ሲቀበር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ እሱን ብቻ ስታይ ውላለች። አባቷን ወስዶ አሁን ደግሞ አዋላጇን ካዘገየባት፣ ኩብራ ሁለተኛ አውፍ የምትለው በየትኛው አፏ ነው?

አየሩ እየሞቀ መጣ። መሬቱ ቀላ።

መጀመሪያ የኋላው ወንበር ተንቋቋ፤ ሰው ተነሥቶ ወደ ፊት ሲጠጋ እንደሚንቋቋው። ከዚያ አንገቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተነፈሰበት። እርጥብ ጨርቅ ሸተተው።

"ከኋላ ማን አለ?" አለ በቀስታ።

ወለተ ሥላሴ ዞረች። "ባዶ ወንበር ነው ያለው። ማን ይኖራል?"

በዚህ ጊዜ ጋቢው ከጭኑ ላይ ተንሸራተተ። መኪናው ስለተናጠ ነው እንዳንል ያን ሰዓት አልተናጠም። ቀስ ብሎ፣ አንድ ጫፉን ሰው ይዞ እንደሚስበው፣ ወለል ላይ ወረደ። ሁለቱ እግሮች ታዩ፤ ጫማቸውን ደርድረው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ወለተ ሥላሴ እግሮቹን አየች፣ ገደሉን አየች፣ አፏ ተከፈተ። ነጠላዋን ጎረሰችው፤ ጩኸት አላውቅበትም ያለችው ሴት ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ቀረች።

ድምፁ ግን ከኋላ መጣ፤ ከጆሮው ሥር።

"በሕግ አምላክ! ፍሬን ያዝ!"

የቀኝ ጉልበቱ ብድግ አለ። ወልደአረጋይ በአንድ እጁ ሊጫነው ቢሞክር መሪው ተዛነፈ፣ ጎማው ወደ ጠርዙ አዘነበለ፤ እጁን መልሶ መሪው ላይ ጣለ።

"ሲስተር! ጉልበቴን ተጫኚልኝ! ቀኙን! በሙሉ አቅምሽ ተጫኚ!"

ለምን አላለችም። ባለሙያ ሴት ናት፤ ሰው ሲጨነቅ እጇ ከአፏ ይቀድማል። ተደፍታ ሁለት መዳፏን ጉልበቱ ላይ ጣለች፣ ደረቷንም ጨመረችበት።

"ተው እንጂ ጋሼ! እየገፋኸኝ እኮ ነው!"

"እኔ አይደለሁም።"

"በሕግ አምላክ!" አለ ድምፁ ደግሞ። ቁጣ አልነበረበትም። የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሰማው ኖሮ ወልደአረጋይ ይህን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። የሚጠራው እየፈራ ነው የሚጠራው። ዛሬም እዚያው መታጠፊያ ላይ ነው፤ ዛሬም ማንም አልቆመለትም።

"ሰላሀዲን" አለ። ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። "በሕግ አምላክ ብለኸኛል፣ ሰምቻለሁ። ቆሜአለሁ። ይኸው እግሬ፣ እየው፤ ንቅንቅ አይልም። የሚሄደው መኪናው ነው። ሞተሩ ይዞታል፤ በቅሎህን ጭራዋን ይዘህ ታወርዳት እንደነበረው ነው የያዘው። እኔ አልተኛሁም፣ አላበድሁም። ወደ ልጅህ ነው የምንወርደው። በምጥ ላይ ናት። ቁጭ በልና አብረን እንውረድ።"

መኪናው አጉረመረመ። ጎማው ቀዩን ጭቃ እየቆነጠጠ፣ እየቆነጠጠ መታጠፊያውን ያዘ። ከጉልበቱ ውስጥ ያ ነገር ቀስ በቀስ ላላ፤ የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው ሲለቀው እንደሚላላው።

ከኋላ ወንበሩ ተንቋቋ፤ ሰው ወደ ኋላ ተደግፎ ሲቀመጥ።

ወለተ ሥላሴ መዳፏን ሳታነሣ ሰማችው። ዞራ ግን አላየችም። "ጋሼ" አለች በሹክሹክታ፣ "ከማን ጋር ነው የምንሄደው?"

"ከባለ አገር ጋር" አላት። እስከ ታች ድረስ ሰው እንደጫነ ሾፌር ጉድጓዱን እየመረጠ ነዳ።

አልዩ አምባ ሲደርሱ አሊ ከኩብራ ደጅ ቆሟል፤ ልብሱን ሁሉ ቀይሯል። "እንኳን ደህና መጣችሁ! እኔ ዙሁርን ሰግጄ ነው የምጠብቃችሁ" አለ። ወለተ ሥላሴ ሳጥኗን ይዛ ስትሮጥ ከኋላዋ "አልሳቡም! አንዷ ልትስብ ስትል እጇን መትቻታለሁ!" ብሎ ጮኸ።

ውስጥ ምን እንደተሠራ የሴቶቹ ነው። እኔ የማውቀው፣ ጥቂት ቆይቶ ኩብራ ተገፍታ መውጣቷን ነው። "ያ ረቢ ማለትዎን ውጪ ሆነው ይበሉ፤ ልጅቷን እያስደነገጧት ነው" ብላ ያቺ አዋላጅ አስወጥታታለች። ከበሩ ጎን፣ ከክዳኑ ጠፈፍ ሥር፣ የጭቃ መደብ አለ። ወልደአረጋይ እዚያ ተቀምጧል። ኩብራ መቁጠሪያ ሙሰበሃዋን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ከሽምግልናው ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም።

"አንቱ ነዎት ያወረዷት?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ ኩብራ።"

"ፍሬኑ ተሠራ?" አለች። ክፋት አልነበራትም፤ ሰው የሚለው ሲያጣ እንደሚለው ነው።

ከውስጥ ሰሊሃ ረዥም አቃሰተች። ወልደአረጋይ ያን ድምፅ እየሰማ ሊዋሽ አልቻለም።

"ፍሬኑ ያኔም ደህና ነበር" አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። እግሩን፣ ቃሉን፣ ወይራውን፣ ዛሬ ቀይ አፈር ላይ የሆነውንም።

ኩብራ ወደ እሱ ዞረች። "በሕግ አምላክ አለ?"

"አለ።"

"የሱ ነገር!" አለች። "ፍየል ከማሳ ሲያባርር እንኳ በሕግ አምላክ የሚል ሰው እኮ ነው! ፍየሏ እንደሁ አትቆምለት።" ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባ ሆነ። በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። "ሰባት ዓመት ይህን ይዘው እንዴት ኖሩ?"

"ሙት ወቃሽ እንዳልሆን ብዬ።"

"እኔንስ ማን ይውቀሰኝ? ከአንኮበር በእግሬ ልውረድ ብሎ ልኮብኝ፣ ገበያው ያልፍሃል፣ በመኪና ና ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ። ይህን እኔም ለማንም አልተናገርኩ።"

ዝናቡ ከጠፈፉ ይንጠባጠባል። ኩብራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እርስዎን ይጠራዎታል። እኔን አይጠራኝም። ዝናብ ሲሆን ይመጣና እዚህ መደብ ላይ ይቀመጣል። አይናገር፣ አይገባ። ከልብሱ ውሃው ሲንጠባጠብ እሰማለሁ፤ በነጋታው ብወጣ መደቡ ርሷል። ዛሬ ከፈጅር ጀምሮ ዘንቧል፤ ወጣ ገባ እያልሁ ባየው ባየው የለም። ልጁ በጭንቅ ላይ ሳለች ወዴት ሄደ ብዬ ተቀይሜው ነበር።" አንገቷን አቅንታ በጭቃ የተለበጠውን ላንድሮቨር አየችው፤ የኋላ በሩን፣ ወንበሩን። "ለካ እናንተን ሊያመጣ ወጥቶ ነው።"

ወልደአረጋይ መልስ ሊሰጣት ሲል ከውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ የሚያውቅ ያውቀዋል። የኩብራ ጣቶች በሙሰበሃው ላይ ቆሙ። ጥፊ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፣ ደግሞ ተሰማ። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተቆጣ ጩኸት ቤቱን ሞላው።

"እትዬ ኩብራ!" አለች ወለተ ሥላሴ ከውስጥ። "አሁን ይግቡ! ሴት ናት! ልጅዎም ደህና ናት፣ እርስዎን ነው የምትጠራ!"

ኩብራ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። እልልታው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ተሻገረ። አሊ ከማዶ ሆኖ ስንት ሰዓት እንደሮጠ ለአላፊ አግዳሚው ይተርክ ጀመር።

ወልደአረጋይ ብቻውን መደቡ ላይ ቀረ። ጉልበቱ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን የራሱ ጉልበት መንቀጥቀጥ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ጠፈፉ መንጠባጠቡን አቆመ። ከጎኑ፣ ኩብራ ከተነሣችበት ቦታ ላይ፣ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማ።

ዞሮ አላየም። ለሁለት እንዲበቃ ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ከውስጥ የሕፃኗን ለቅሶ እያዳመጠ ተቀመጠ።